«ከማይክሮሶፍት ነው የምንደውለው» ለሚላችሁ ሰው ስልኩን ጆሮው ላይ ዝጉበት

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ለምትኖሩ፣ በተለይ ደግሞ ቀን ቀን ብቻቸውን ቤት የሚውሉ እናትና አባት ላሏችሁ ነው። የኮምፒውተር ባለሙያ ነን እያሉ በስልክ የሚዘርፉ ሰዎች ሥራቸውን ከጀመሩ ቆይተዋል። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኦክቶበር 2012 ኒው ዮርክ ውስጥ ስድስት ክሶች መሥርቶባቸው ነበር። ያን ጊዜ ከአንድ ሰው የሚወስዱት ከ49 እስከ 450 ዶላር ነበር። ዛሬ በዚህ የሚረካ የለም፤ የባንክ ሒሳብ እስኪራቆት ድረስ ነው የሚሄዱት። ለኤፍ ቢ አይ በ2023 ብቻ በዚህ መንገድ ተወሰደብን ተብሎ የተመዘገበው ገንዘብ ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። አፍረው ዝም ያሉት እዚህ ውስጥ የሉበትም።

አጀማመሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ራሳቸው መደወል ነው፦ «ኮምፒውተርዎ ቫይረስ እየላከብን ነው» ይላሉ። በስልካችሁ ላይ የሚታየው ቁጥር የአሜሪካ መሆኑ ምንም አያረጋግጥም፤ ደዋዩ ያሻውን ቁጥር ማሳየት ይችላል። ሁለተኛው ኢንተርኔት ላይ ሳላችሁ ድንገት ስክሪኑን የሚሞላ፣ እንደ እሳት አደጋ ደወል የሚጮህ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ከሥሩ ስልክ ቁጥር ተጽፎበታል። የማይክሮሶፍት እውነተኛ የስሕተት መልእክት የሚደወልበት ስልክ ቁጥር ይዞ አይመጣም፤ ኩባንያውም ሳትጠይቁት ኮምፒውተር ልጠግን ብሎ አይደውልም። እንዲህ ያለ ገጽ ከመጣባችሁ የኢስኬፕን (Esc) ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ፤ ከሙሉ ስክሪን ሲወጣ ገጹን ዝጉት። እምቢ ካለ ኮምፒውተሩን አጥፉት። በቃ፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

የእነዚህ ሰዎች ጥበብ እውነተኛ ነገር እያሳዩ የሐሰት ትርጉም መስጠት ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ኢቨንት ቪወር የሚባል መዝገብ አለ። ኮምፒውተሩ የገጠመውን ጥቃቅን ነገር ሁሉ የሚጽፍበት ነው፤ አንድ ፕሮግራም ቀስ ብሎ ከተነሣ ይመዘግባል፣ የሆነ ነገር ለአንድ አፍታ ካልተገናኘ ይመዘግባል። ስሕተቱን በቀይ፣ ማስጠንቀቂያውን በቢጫ ምልክት ያሳያል። ደዋዩ ይህን መዝገብ ያስከፍታችሁና «ቀዮቹን ይቁጠሩልኝ» ይላል። እናታችሁ ተቀምጠው ይቆጥራሉ። አርባ፣ ሃምሳ ሲደርሱ ላብ ላብ ይላቸዋል። በፍጹም ጤነኛ በሆነ ኮምፒውተር ላይም ምልክቶቹ በመቶዎች ሊቆጠሩ ይችላሉ። ይህን አሁኑኑ በራሳችሁ ኮምፒውተር ከፍታችሁ እዩት፤ ወላጆቻችሁንም ጠርታችሁ አሳዩአቸው። አስቀድሞ ያየው ሰው በኋላ አይደነግጥም።

ሌላም አላቸው። ጥቁር መስኮት ያስከፍቱና አንድ ትእዛዝ ያስጽፋሉ፤ ከዝርዝሩ መጨረሻ አካባቢ በ888 የሚጀምር ረጅም ቁጥር ይወጣል። ደዋዩ ቁጥሩን ከእናንተ ቀድሞ ያነበንበዋል፦ «ይህ የኮምፒውተርዎ መለያ ነው፣ እኔ ዘንድ ተመዝግቧል፤ አሁን አመኑኝ?» ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሸነፈው። ቁጥሩ ግን የእናንተ መለያ አይደለም፤ የጎረቤታችሁም ዊንዶውስ ላይ ያው ቁጥር ነው ያለው።

ካመናችሁት በኋላ ኤኒዴስክ ወይም ቲምቪወር የመሰለ፣ የሌላን ሰው ኮምፒውተር ከሩቅ ሆኖ ለማዘዝ የሚያገለግል ፕሮግራም ያስጭናችኋል። ፕሮግራሞቹ ሕጋዊ ናቸው፤ መሥሪያ ቤቶችም በየቀኑ ይሠሩባቸዋል። ነገር ግን በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ቁጥር ለደዋዩ ካነበባችሁለት ኮምፒውተራችሁ በእርሱ እጅ ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ወሬ ብቻ ነበር፤ ብትዘጉት ምንም አይጎድልባችሁም።

ታዲያ ለምን አይዘጋም? እንደ እኔ ግምት የእኛን ሽማግሌዎች ከድንጋጤው ይልቅ የሚጎዳቸው ይሉኝታ ነው። ሰው እያናገረ ስልክ መዝጋት ነውር ነው ተብለው አድገዋል። የማውቃቸው አንዲት እናት ደዋዩ «ሥራዬን ትቼ እርስዎን እየረዳሁ ነው» ስላላቸው፣ ጥርጣሬ እያላቸው እንኳ መዝጋት አፈሩ። ገበያ ሄደው የስጦታ ካርድ እንዲገዙ ነገራቸው፤ ስልኩ ሳይዘጋ ቦርሳቸው ውስጥ እንዲቀመጥ፣ ገንዘብ ተቀባይዋ ከጠየቀች ደግሞ «ለልጅ ልጆቼ ነው» እንዲሉ አስጠናቸው። ልጅቷ በእርግጥም ጠየቀች፤ እርሳቸውም እንደተባሉት መለሱ። መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው የካርዶቹን ጀርባ በሳንቲም እየፋቁ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አነበቡለት። ሲጨርሱ አመስግነውት ነው የተለያዩት። የስጦታ ካርድ ለስጦታ ብቻ ነው፤ በስጦታ ካርድ ክፈል የሚል መሥሪያ ቤትም ሆነ ባንክ የለም።

አንድ ጊዜ የከፈለ ሰው ከወራት በኋላ ሌላ ስልክ ይመጣበታል፦ «ድርጅታችን ሊዘጋ ስለሆነ የከፈሉትን 300 ዶላር እንመልስልዎ።» ይህኛው ከመጀመሪያው ይብሳል። እንደገና ኮምፒውተሩ ውስጥ ይገቡና የባንክ ገጻችሁን ያስከፍታሉ፤ መጠኑን እናንተው እንድትጽፉ አድርገው አንድ ዜሮ ይጨምሩበታል። ከዚያ ስክሪኑን ያጨልሙና ከቁጠባ ሒሳባችሁ ወደ ሌላው ሒሳባችሁ ገንዘብ ያዛውራሉ፤ ወይም ገጹ ላይ የሚታየውን አኃዝ ብቻ ይቀይራሉ። ሲበራ 3,000 ዶላር ገብቶ ታያላችሁ። ደዋዩ ማልቀስ ይጀምራል፤ «ከሥራ ሊያባርሩኝ ነው፣ ትርፉን በጥሬ ገንዘብ አሽገው ይላኩልኝ» ይላል። የገባ ገንዘብ የለም፤ የምትልኩት የራሳችሁን ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከገጠማችሁ ኮምፒውተሩን ተዉትና በባንክ ካርዳችሁ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ደውላችሁ ሒሳባችሁን ጠይቁ።

አስቀድሞ ገብተውባችሁ ከሆነ መጀመሪያ ኢንተርኔቱን ቁረጡ። ከዚያ ለባንኩ ደውሉ፤ የኢሜይልና የባንክ የይለፍ ቃላችሁን በሌላ ኮምፒውተር ወይም በስልካችሁ ቀይሩ እንጂ በዚያው ላይ አትነካኩ። ያስጫኑትን ፕሮግራም አስወግዱና ኮምፒውተሩን የምታምኑት ባለሙያ ያጽዳላችሁ። የስጦታ ካርድ ከሰጣችሁ ካርዱንና ደረሰኙን አትጣሉ፤ ካርዱን ላወጣው ኩባንያ ያኔውኑ ደውሉ። ገንዘቡ ገና ካልተነካ ሊያግደው ይችላል፤ ይህ በሰዓታት የሚለካ ጉዳይ ነው። ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም አመልክቱ። ወላጆቻችሁን አትቆጡ፤ ከተቆጣችኋቸው ቀጣዩን አይነግሯችሁም፣ ቀጣይ ደግሞ አለ። ስማቸው አንዴ ከፋዮች ዝርዝር ውስጥ ከገባ፣ «የተሰረቀውን ገንዘብዎን እናስመልሳለን፣ የአገልግሎቱን ብቻ ቀድመው ይክፈሉ» የሚል ሌላ ደዋይ ይመጣል። እርሱም ያው ሌባ ነው፤ ስልኩ ይዘጋበት።