በስኮርታ ፋንታ የተሰጠን ጠርሙስ

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ገበያውን ከሞሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች የብዙዎቹን የኋላ ምንጣፍ ቢያነሱ ስኮርታ የምንለው ትርፍ ጎማም፣ ክሪክም፣ የጎማ መፍቻም የለም። የሚገኘው ማሸጊያ ፈሳሽ የያዘ ጠርሙስና በ12 ቮልት ሶኬት የምትሠራ ጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር ነው። አምራቹ ስሌቱ ገብቶታል፤ ስኮርታ ከነቸርኬው ከ15 እስከ 20 ኪሎ ይመዝናል፣ ቦታ ይይዛል፣ ገንዘብም ያስወጣል። ስሌቱ ግን የተሠራው ለእኛ መንገድ አይደለም።

ኮምፕሬሰሯ ጥሩ ዕቃ ናት፤ ጠርሙሱ ባይኖር እንኳ ከመኪናው አትለይ። ጠርሙሱ ደካማው ነው። የሚደፍነው መሬት የሚነካውን የጎማ ፊት ብቻ ሲሆን፣ ቀዳዳውም ከ4፣ ቢበዛ ከ6 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ለተራ ሚስማር ይበቃል። ጎኑን ስለታም ድንጋይ ከቀደደው፣ ጉድጓድ ቸርኬውን ካጣመመው ወይም ጎማው ተንፍሶ ጥቂት ከተነዳ ግን ፈሳሹን ማባከን ነው።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። ሚስማሩን አይንቀሉት። ጠርሙሱን በደንብ ነቅንቀው ከጎማው ቫልቭና ከኮምፕሬሰሯ ጋር ያገናኙ። መጀመሪያ ላይ ጌጁ 5 ወይም 6 ባር (ባር የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ሊያሳይ ይችላል፤ ፈሳሹ በቫልቩ ሲያልፍ ነው፣ ቶሎ ይወርዳል። ከ10 ደቂቃ በላይ ሳያቋርጡ አያሠሯት፣ ሞተሯ ይቃጠላል። 2 ባር ካልደረሰ ቱቦውን ነቅለው መኪናውን 10 ሜትር ያህል ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንቀሳቅሰው እንደገና ይንፉ። አሁንም እምቢ ካለ ጎማው በዚህ አይድንም። ከሞላ ወዲያው ይንዱ፣ ከ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሳያልፉ። ቆመው ከቆዩ ፈሳሹ ታች ይጠራቀምና ቀዳዳው ጋ አይደርስም። ከ10 ደቂቃ በኋላ ቆመው ይለኩ፤ ከ1.3 ባር በታች ከሆነ ጉዞው እዚያው ያበቃል።

ብዙ ሰው የሚረሳው ጠርሙሱ ላይ የታተመውን ቀን ነው። ፈሳሹ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 5 ዓመት ቢቆይ ነው። ያገለገለ መኪና ሲገዙ ቀኑን ሳያዩ አይፈርሙ። ለጎሚስታውም ፈሳሽ መግባቱን አስቀድመው ይንገሩት፤ ጎማውን ፈቶ፣ አጥቦ፣ የነፋስ ሴንሰሩንም አጽድቶ ከውስጥ መለጠፍ አለበት። ያለበለዚያ ሥራውን ግማሽ ላይ ይተወዋል፣ ሊሰድብዎትም ይችላል።

ከጠርሙሱ ይልቅ የምንመርጠው ጎሚስታዎች ለቱብለስ፣ ማለትም የውስጥ ላስቲክ ለሌለው ጎማ የሚጠቀሙበትን ማስቲካ መሳይ የጎማ ገመድ ከነሞረዱና ከነመርፌው ነው። ሚስማሩን ነቅሎ ቀዳዳውን በሞረዱ ማስፋት፣ ገመዱን በማጣበቂያ ነክሮ በመርፌው ማስገባት፣ ጫፉን ውጭ ትቶ መርፌውን ባንድ ጊዜ መሳብ፣ የተረፈውን መቁረጥና በኮምፕሬሰሯ መንፋት። ሴንሰርም አያቆሽሽም። ለጎን ቀዳዳ ግን እሱም አይሆንም።

አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ይህ ይበቃዋል፣ ጎሚስታ ሩቅ አይደለም። ከከተማ ለሚወጣ፣ በተለይ ኮረት መንገድ ለሚረግጥ፣ ስኮርታ ግድ ነው። ሻጩን ከውሉ በፊት ይጠይቁት፣ በዋጋው ውስጥም ያስገቡት። ሲገዙ የቡሎኖቹ ብዛትና ርቀት፣ የቸርኬው መሃል ቀዳዳና የጎማው ቁመት ይግጠሙ። ቮልስዋገን አይዲ 4 ላይ ጉዳዩ ይከብዳል፦ ባለ 19 ኢንች ቸርኬው ፊት 235፣ ኋላ 255 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ ስለሚጭን አንድ ሙሉ ጎማ ለሁለቱም ልክ አይመጣም። ቀጭኑ ጊዜያዊ ስኮርታ ከተገኘ ደግሞ የሚነፋው 4.2 ባር ነው፣ በሌላው የግፊት መለኪያ 60 ፒኤስአይ ማለት ነው፤ እንደ ሌሎቹ ጎማዎች 36 ፒኤስአይ ላይ የሚተወው ብዙ ነው።

ክሪኩን በጎኑ ጠርዝ ላይ ምልክት ከተደረገበት ቦታ ውጭ አያስገቡ፣ መሃሉ ባትሪ ነው። ስኮርታውን ዕቃ መጫኛው ውስጥ በጠንካራ ገመድ ይጠፍሩት። ሁሉም ካልሆነ ደግሞ መኪናውን በገመድ አያስጎትቱ፤ ጎማው ሲዞር ሞተሩ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ አራቱም ጎማ ከመሬት ተነሥቶ በጭነት መኪና ላይ ይምጣ።