ትንሽ ልጅ ይዛችሁ ለቤተሰብ ፎቶ «ፓኬጅ» ሙሉ ክፍያ አስቀድማችሁ አትፈጽሙ

ይህን የምጽፈው ትንሽ ልጅ ያላቸው ወላጆች፣ በተለይም በልደት ሰሞን በአዲስ አበባ ፎቶ ቤቶች የሚሸጠውን «የቤተሰብ ፓኬጅ» ለመግዛት የሚያስቡ ሁሉ፣ ገንዘባቸውን ከማስተላለፋቸው በፊት እንዲያነቡት ነው። ፎቶ ቤቱን በስም አልጠራም፤ አቤቱታዬ ገና ውሳኔ አላገኘም፤ ከሌሎች እናቶች ጋር ስነጋገርም አሠራሩ የአንድ ቤት ብቻ እንዳልሆነ ተረድቻለሁ።

ማስታወቂያውን ያየሁት በቲክቶክ ነው። በ4,900 ብር የአንድ ሰዓት የስቱዲዮ ጊዜ፣ ኤዲት የተደረጉ 20 ፎቶዎች፣ ባለ 30 በ40 ሳንቲሜትር ፍሬም እና «ሶፍት ኮፒ በነጻ» ይላል። ስደውል ቅናሹ የሚሠራው ሙሉ ክፍያው በቴሌብር ቀድሞ ከገባ ብቻ እንደሆነ፣ ቀብድ ሰጥቼ ቀሪውን ፎቶውን ስረከብ ልክፈል ካልኩ ግን ዋጋው 6,500 ብር እንደሚሆን ተነገረኝ። በ1,600 ብር ተታልዬ ከፈልኩ። በዚያች ገንዘብ የሸጥኩት የመከራከሪያ አቅሜን መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ልጃችን 1 ዓመት ከ8 ወሯ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ያሳደገ ሰው እንደሚያውቀው፣ የቀን እንቅልፏ ከተዛነፈባት ማንም ቢመጣ አያስቃትም። ስለዚህ ጠዋት 4 ሰዓት እንዲይዙልን ለመንኩ፤ የቅናሽ ደንበኞች የሚስተናገዱት ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው ተብሎ 7 ሰዓት ተኩል ተሰጠን። ልጄ የምትተኛው በዚያው ሰዓት ነው። አማቴ ለዚሁ ሲሉ ከደብረ ብርሃን መጥተው ስለነበር ቀኑን ማራዘም አልቻልንም።

ስንደርስ ከእኛ በፊት የገቡት ሰዎች አልወጡም፤ 35 ደቂቃ መተላለፊያው ላይ ቆመን ጠበቅን፤ ልጅቱም በአያቷ ትከሻ ላይ አንቀላፋች። ተራችን ደርሶ ቀስቅሰን የሀበሻ ቀሚሷን ስናለብሳት መጮህ ጀመረች፤ ፎቶ አንሺው ደግሞ ፍላሹን ፊት ለፊቷ ደግኖ የሚንጫጫ አሻንጉሊት ሲያወዛውዝባት ጭራሽ ቀሚሴ ሥር ተሸጎጠች። ውኃ ጠጥታ እስክትረጋጋ አሥር ደቂቃ ብቻ እንዲታገሰን ብጠይቀው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አሳየኝ። «እናት፣ ሰዓቱ የሚቆጠረው ከቀጠሮው ነው። የቀራችሁ 15 ደቂቃ ነው፤ ከፈለጋችሁ ግማሽ ሰዓት በ1,200 ብር ይጨመራል» አለኝ። እነሱ ያቆሙን 35 ደቂቃም ከእኛው ሂሳብ ላይ ተቆርጧል ማለት ነው።

የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ያዳኑልን አማቴ ናቸው። ምንጣፉ ላይ ተንበርክከው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው «ኩኩሉ!» ሲሏት፣ ልጅቱ እንባዋ ገና ጉንጯ ላይ እያለ ጥለቱን ይዛ ጎትታ ገለጠቻቸውና ተንከትክታ ሳቀች። ፎቶ አንሺው ተከታትሎ አነሳ። ለነገሩ ሥራውን ያውቃል፤ ቅሬታዬም ከሙያው ጋር አይደለም።

ከሦስት ቀን በኋላ ለመምረጥ ስንሄድ ግን ምርጫው ተጠናቅቆ ጠበቀን። የፓኬጁን 20 ፎቶዎች የለየው ፎቶ ቤቱ ራሱ ሲሆን፣ በ14ቱ ልጅቱ ወይ ታለቅሳለች ወይ ፊቷን አዙራለች። የኩኩሉዎቹ አምስት ፎቶዎች «ተጨማሪ» በሚል ፋይል ተለይተው ተቀምጠዋል፤ የአንዱ ዋጋ 450 ብር ነው። ማስታወቂያውን አውጥቼ ለእንግዳ ተቀባይዋ ባሳያት «ደንበኛው ይመርጣል የሚል የት አለ?» አለችኝ። እውነትም የለም። ሦስቱን በ1,350 ብር ገዛሁ፤ የትኛዋ አያት ትታ ትሄዳለች? ደረሰኝ ስጠይቅ ደግሞ 15 በመቶ ቫት ጨምሪ ተባልኩ። ድምሩን አስሉት፦ 6,250 ብር ያለ ደረሰኝ፣ 7,187 ብር ከ50 ሳንቲም ከደረሰኝ ጋር። የሸሸሁት መደበኛ ዋጋ 6,500 ብር ነበር።

ስለ «ነጻው ሶፍት ኮፒ» ትንሽ ዘርዘር ላድርግ፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነውና። ፎቶዎቹ የደረሱኝ በቴሌግራም፣ እንደ ተራ ፎቶ ተልከው ነው። ቴሌግራም በተለመደው አላላክ የፎቶውን ረጅም ጎን ወደ 1,280 ፒክስል ያሳንሰዋል። በስልክ ሲያዩት ምንም ጉድለት አይታይበትም። 30 በ40 ሳንቲሜትር አጥርቶ ለማተም ግን በተለመደው የ300 ዲፒአይ መለኪያ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 3,543 በ4,724 ፒክስል ገደማ ያስፈልጋል። ፎቶ ቤቱ የራሱ ማተሚያ ስለሌለው ወደ ሌላ ቤት የላከውም በዚያው መንገድ ኖሮ፣ የተረከብነው ፍሬም ላይ የአማቴ ነጠላ ጥለት መስመሮቹ ተደባልቀው አንድ ቡናማ ሰንበር ሆነዋል፤ የልጄም ሽፋሽፍት አይለይም። ስለዚህ ፎቶው በቴሌግራም ከመጣላችሁ «እንደ ፋይል ላኩልኝ» በሉ፤ የሚሻለው ግን ፍላሽ ይዞ ሄዶ ዋናውን መቀበል ነው።

በዚህም አላበቃም። በሳምንቱ አንዲት ጎረቤቴ፣ ልጄ ቀሚሴ ሥር ተሸጉጣ ስታለቅስ የሚያሳይ ቪዲዮ በፎቶ ቤቱ የቲክቶክ ገጽ ላይ የሳቅ ድምፅ ተጨምሮበት ማየቷን ነገረችኝ። ማንም ፈቃድ አልጠየቀንም። የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጹን ጠቅሼ በጽሑፍ ስጠይቅ ቪዲዮው በዚያው ቀን ተነሣ። በስልክ ሁለት ቀን ስለምን የነበረው ጉዳይ ነው።

ሌላው መታወቅ ያለበት የቀብድ ነገር ነው። «ቀብድ አይመለስም» የሚለው ጽሑፍ በየፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይታያል። በዚሁ ሕግ አንቀጽ 1885 ግን፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን እንደሚያጣ ሁሉ የተቀበለውም ቢያፈርስ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል፤ ይህ ግማሹ ግድግዳው ላይ አይጻፍም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ እንዲያገኝ መብት ይሰጠዋል፤ ነጋዴውም ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። እኔ ለክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ያቀረብኩት አቤቱታም በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። በእጄ የነበረው ማስረጃ ግን የቴሌብር መልእክትና የማስታወቂያው ስክሪንሾት ብቻ ነው፤ የተቀረው ሁሉ በቃል የተነገረ ነበር።

እናንተ ከመክፈላችሁ በፊት ፎቶውን የሚመርጠው ማን እንደሆነ፣ ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው ከቀጠሮው ይሁን ከመጀመሪያው ፎቶ፣ ልጁ አልረጋጋ ቢል ሌላ ቀን መምጣት ይቻል እንደሆነ፣ ዋጋው ቫትን ይጨምር እንደሆነ በጽሑፍ እንዲመልሱላችሁ አድርጉ፤ በቴሌግራም የተጻፈ መልስም ይበቃል። የልጃችሁን የእንቅልፍ ሰዓት የማያከብር ቀጠሮ በነጻ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ።

ቀድማችሁ ከፍላችሁ ፎቶ የተነሣችሁ ካላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ደውላችሁ ዋናዎቹ ፋይሎች እስከ መቼ እንደሚቆዩ ጠይቁ። የእኛው ፎቶ ቤት ከ30 ቀን በኋላ እንደሚያጠፋቸው የነገረኝ በ26ኛው ቀን፣ ያውም እኔው ስለጠየቅሁ ነው።