የጃቫ ኦፕሽናል ወይስ የኮትሊን የጥያቄ ምልክት?

የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ቶኒ ሆር እ.ኤ.አ. በ1965 በአልጎል ደብልዩ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ውስጥ ነል ሪፈረንስን (ዋጋ እንደሌለ የሚያመለክት፣ ሳይፈትሹ ሲጠቀሙበት ስሕተት የሚያስከትል ነገር) ያስገባው ለመሥራት ስለቀለለው ነበር። በኋላ ራሱ «የቢሊዮን ዶላር ስሕተቴ» ብሎታል።

የጃቫ ቋንቋ ዕትም የሆነው ጃቫ 8 እ.ኤ.አ. በ2014 ያመጣው መላ ኦፕሽናል ነው፦ ዋጋ ሊይዝም ባዶ ሊሆንም የሚችል መያዣ። ሜተዱ (ተጠርቶ ሥራ የሚሠራው የኮድ ክፍል) ምንም ላይመልስ እንደሚችል ከወዲሁ ይናገራል፤ ጠሪውም ባዶ ቢሆንስ ብሎ እንዲያስብ ይገፋፋዋል። ይገፋፋዋል እንጂ አያስገድደውም፦ ሳይፈትሹ ዋጋውን የሚያወጣውን «ጌት»ን መጥራት ይቻላል፤ ባዶ ከሆነ ኤክሴፕሽን (ፕሮግራሙን ሊያስቆም የሚችል ስሕተት) ይወረወራል። ይባስ ብሎ ኦፕሽናሉ ራሱ ነል ሊሆን ይችላል፤ ኮዱን የሚተረጉመው ኮምፓይለርም ዝም ይላል።

ኮትሊን የተባለው ቋንቋ ጉዳዩን ታይፑ (የዋጋው ዓይነት) ውስጥ ከተተው። ስትሪንግ (ጽሑፍ) ተብሎ የተጻፈ ነል አይቀበልም፤ እንዲቀበል ከተፈለገ «?» ይጨመርበታል። ከዚያ ወዲያ ሳይፈትሹ ርዝመቱን ልጠይቅ ቢሉ ኮዱ ኮምፓይል አይሆንም። «?.» (ነል ካልሆነ ብቻ ቀጥል) እና «?:» (ነል ከሆነ ይህን ተካ) ፍተሻውን ያሳጥሩታል። ቀዳዳ ግን አለው፦ አንዱ «ነል አይደለም፣ እመነኝ» የሚለው «!!» ነው፣ ሌላው ከጃቫ ኮድ የሚመጣ፣ ነል ይሁን አይሁን ያልተገለጸ ዋጋ።

ለአዲስ ሥራ እኔ ኮትሊንን እመርጣለሁ። ነባር የጃቫ ኮድ ላይ ኦፕሽናልን ለሚመለስ ዋጋ ብቻ ተጠቀሙበት፤ ፊልድ (የነገሩ መረጃ ማስቀመጫ) እና ፓራሜትር (ለሜተዱ የሚሰጥ ዋጋ) ላይ ሲደረደር ኮዱን ከማጨናነቅ በቀር እምብዛም አይፈይድም። ሜተዱ ዝርዝር የሚመልስ ከሆነማ አንዳቸውም አያስፈልጉም፤ ባዶ ዝርዝር ይመልስ።