ከቲሂንጋን የገዛሁት ጥንድ ጌንዴር፣ ከ2 ዓመት በኋላ

ኢንዶኔዥያ፣ ባሊ ደሴት ላይ፣ ክሉንግኩንግ ሚባል አካባቢ ውስጥ ቲሂንጋን ሚባል መንደር አለ፣ የጎንግ ቀጥቃጮች ሰፈር በሉት። ከ2 ዓመት በፊት ከዱባይ ለእረፍት ሄጄ እዛ ካለ አንድ ወርክሾፕ ጥንድ ጌንዴር ዋያንግ ገዛሁ፣ ለጥላ አሻንጉሊት ትያትር ሚመታው ማለት ነው፣ እያንዳንዱ 10 ጠፍጣፋ ነሐስ አለው ከስሩ የቀርከሃ ቱቦ። ስራው ቆንጆ ነው፣ እሱ ላይ ምንም አልልም።

እቤት ገብቼ በስልክ ቱነር ስለካው ግን ደነገጥኩ፣ ፒያኖ ላይ ካለው ጋር ሚገጥም የለም፣ ጭራሽ ሁለቱ እርስ በርስ እንኳን አይገጥሙም። ተሸወድኩ ብዬ በዋትስአፕ ብሶቴን ስዘረግፍ የወርክሾፑ ሰውዬ ሳቀብኝ። ለካ ሆን ተብሎ አንዱ ወፈር ሌላው ቀጠን ተደርጎ ነው ሚቃኘው፣ አብረው ሲመቱ ድምፁ ይርገበገባል፣ ኦምባክ ይሉታል፣ ሞገድ እንደማለት፣ ልክ እኩል ቢሆኑ ለነሱ የሞተ ድምፅ ነው። ክራሬን በሱ ቃኝቼ ትዝታ ልሞክርም ብዬ ነበር፣ ያው ሁለቱም 5 ድምፅ አይደል ብዬ፣ አልሆነም። የስሌንድሮ (የጌንዴሩ ቅኝት ነው) በድምፆቹ መሀል ያሉት ርቀቶች እኩል ሊሆኑ ትንሽ ነው ሚቀራቸው፣ ትዝታም ባቲም አይወጣውም።

ዘንድሮ ደሞ ርግብግቡ ተለወጠ፣ አንዱ ድምፅ ላይ ፈጠነ ሌላው ላይ ጭራሽ ጠፋ። ነሐሶቹን ከገመዳቸው ፈትቼ በሻንጣ ይዤ ወደ ቲሂንጋን ተመለስኩ (ኤርፖርት ላይ ያየሁትን እኔ ነኝ ማውቀው)። ሰውዬው አዲስ ነሐስ ለጥቂት ዓመት ድምፁ አይረጋም አለኝ፣ ስገዛ ማንም አልነገረኝም፣ አንድ ኮከብ የቀነስኩት ለዚህ ነው።

ጥገናው ግን ቁጭ ብሎ ሚታይ ነው። ጫፉን ሲሞርዱት ድምፁ ይቀጥናል፣ መሀሉን በሆዱ በኩል ሲፍቁት ይወፍራል። በምን ነው ምትለኩት ስለው የቀርከሃ ቁራጮች አወጣ፣ ከአንድ የድሮ ጋሜላን (አብረው ሚመቱ የነሐስ መሳሪያዎች ስብስብ) የተቀዳ ቅኝት ነው፣ ቀጣዩ መንደር ሌላ አለው፣ ለሁሉም ሚሆን አንድ ልክ ሚባል ነገር የለም። ባለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከብያር ሚባለው ፈጣን ስታይል ሲመጣ ብዙ መንደር የድሮውን አቅልጦ አዲስ አሰርቷል፣ ከነሐሱ ጋር ቅኝቱም ቀለጠ፣ 7 ድምፅ የነበረው አንዳንዱ 5 ሆኖ ወጣ። ይሄን ሲነግረኝ እየሞረደ ነው፣ ቀና እንኳን አላለም።

4 ኮከብ። ለመሞረጃው አላስከፈሉኝም። ምትገዙ ካላችሁ ነጠላውን እንዳትገዙ፣ ድጋሚ ቅኝት ዋጋው ውስጥ መኖሩን ቀድማችሁ ጠይቁ፣ የእንጨት ማቆሚያውን ደሞ በካርጎ ላኩልኝ እንዳትሉ፣ የኔ አንድ እግሩ ተሰብሮ ነው የደረሰው።