ቴሌግራም፣ ፌስቡክ ወይስ ኤስኤምኤስ? ትምህርት ቤታችሁ ከወላጅ ጋር በምን ይገናኝ?

ባለፈው ዓመት አንድ ማክሰኞ ጠዋት ልጄን ይዤ ትምህርት ቤት ስደርስ በሩ ዝግ ነው። ጥበቃው በትንሿ በር ብቅ አለና "ጋሼ፣ ዛሬ ትምህርት የለም እኮ። ቴሌግራም ላይ ተለቋል" አለኝ። ስልኬን አወጣሁ። እውነቱን ነው፣ ተለቋል። ማታ 3 ሰዓት ላይ ተለጥፎ፣ በላዩ ላይ መዓት "እሺ" እና "እናመሰግናለን"፣ የጠፋ ሹራብ ፎቶ፣ ጭራሽ የሚከራይ ኮንዶሚኒየም ማስታወቂያ ተከምሮበታል። ልጄ ደስ አለው። እኔ ሥራ አረፈድኩ።

በሚቀጥለው የወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) ስብሰባ ላይ አፌን ከፈትኩ። ስብሰባ ላይ አፉን የከፈተ ሰው ምን እንደሚገጥመው ታውቃላችሁ። "እንግዲያው አንተው አጥንተህ አምጣ" ተባልኩ። ከዚህ በታች ያለው የዚያ ጥናት ውጤት ነው። ለትምህርት ቤት ባለቤቶች፣ ለርዕሰ መምህራን፣ ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰዎች፣ እንደ እኔ ኮሚቴ ውስጥ ለገቡ ወላጆችም ይሆናል።

በመጀመሪያ የምንተካውን ነገር እንወቅ። መምህርና ወላጅ የሚጻጻፉበትን ደብተር፣ ኮሙኒኬሽን ቡክን፣ የናቀ ሰው አይቼ አላውቅም፣ ግን ሁሉም ይረሳዋል። ያ ደብተር አንድ ትልቅ ነገር ነበረው፦ የወላጅ ፊርማ። መምህሯ ማን እንዳነበበ፣ ማን እንዳላነበበ በጠዋቱ ታውቃለች። አሁን የምናወዳድራቸውን ሁሉ በዚህ መለካት ይቻላል። መልእክቱ መላኩን ሳይሆን መድረሱን በምን አወቃችሁ?

የቴሌግራም ቻናል እና የቴሌግራም ግሩፕ

አዲስ አበባ ውስጥ ወላጁ ቴሌግራም ላይ ነው። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ሲዘጉ ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ወርክሺቱንም ማስታወቂያውንም በቴሌግራም መላክ ጀመሩ። ትምህርት ቤት ሲከፈትም ልማዱ ቀጠለ። ነጻ ነው፣ በደካማ ኔትወርክም ይንቀሳቀሳል፣ እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ይቀበላል።

ችግሩ ብዙ ሰው ቻናልና ግሩፕን አንድ አድርጎ ማየቱ ነው። ቻናል ላይ የሚጽፈው ትምህርት ቤቱ ብቻ ነው። የአባል ቁጥር ገደብ የለውም። አንዱ ወላጅ የሌላውን ስም አያይም። ግሩፕ ግን እስከ 200,000 ሰው ይይዛል፣ ሁሉም ይናገርበታል። ለ600 ወላጅ አንድ ግሩፕ መክፈት ማለት መርካቶ መሀል ቆሞ የልጆች ስም እንደመጥራት ነው። የእኔ ዝግ በር የመጣው ከዚያ ነው።

ስለዚህ ለትምህርት ቤቱ በሙሉ ቻናል፣ ኮሜንቱ ተዘግቶ። ለክፍል ደግሞ ትንሽ ግሩፕ፣ ሆም ሩም መምህሯ (የክፍሉ ኃላፊ) የምትመራው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያላየው ነገር አለ። አባላቱ ከ100 የማይበልጡ ግሩፕ ውስጥ የላካችሁትን መልእክት ጫን ስትሉት እነማን እንዳዩት ለ7 ቀን ያሳያል። ለኮሙኒኬሽን ቡክ ፊርማ የቀረበ ነጻ ነገር ያገኘሁት ይህን ብቻ ነው። ቻናል ላይ ያለችው የዓይን ምልክት ስንት ጊዜ እንደታየ እንጂ ማን እንዳየው አትናገርም። ማታ የሚጻፈውን ደግሞ ያለ ድምፅ መላክ ይቻላል። መምህራን ይህን ቢያውቁት እንቅልፍ የሚያገኝ ወላጅ ይበዛል።

ድክመቱ? ሁለት ነው። አንደኛ፣ ስማርት ስልክ የሌለው ወላጅ አለ። ሁለተኛው አገራዊ ነው። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ ከተሰረዘ በኋላ፣ ድጋሚ ሲሰጥ ማኅበራዊ ሚዲያ ተዘግቶ ነበር። ሰኔ 2011 በፈተና ሰሞን ኢንተርኔቱ ራሱ ጠፋ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ያለ ቪፒኤን (እገዳ የሚያሳልፍ አፕ) አልከፍት ብለው አምስት ወር ቆዩ። አምስት ወር ማለት የዓመቱ ትምህርት ግማሽ ነው። ቴሌግራም ብቻ ያለው ትምህርት ቤት በዚያ ጊዜ አፉ ተይዞ ነበር።

ኤስኤምኤስ

ሽማግሌው ኤስኤምኤስ ነው የሚያድነው። ዳታ አይፈልግም፣ ባለ ቁልፍ ስልክ ላይ ይገባል፣ ቪፒኤን አያውቅም። ልጁን የምታሳድገው አያት ብትሆንም ይደርሳታል። ለመንግሥት ትምህርት ቤት ያለ ጥርጥር የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው።

ግን ገንዘብ ያስከፍላል፣ ገንዘቡም የሚፈስበት ቀዳዳ አለው። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ሆሄ ይይዛል። በእኛ ፊደል 70 ብቻ። ይህን ቁጠሩት፦ "ነገ ሰኞ በውሃ መቋረጥ ምክንያት ትምህርት አይኖርም። ማክሰኞ በመደበኛው ሰዓት ይቀጥላል።" ክፍተቱን ጨምሮ 56 ነው፣ በአንድ መልእክት ሂሳብ ይሄዳል። ፊቱ ላይ "የተከበራችሁ ወላጆች እንደምን አላችሁ፣" ከጨመራችሁ 81 ይሆንና የሁለት ትከፍላላችሁ። ሰላምታው ብቻ በ600 ወላጅ ሲባዛ አስቡት። ይህን ፈርተው አማርኛውን በላቲን ፊደል የሚጽፉ አሉ። እባካችሁ ተዉት። አያትየው አያነቡትም፣ እኔም ራሴ ሦስቴ አንብቤ ነው የሚገባኝ።

ከአቅራቢ ጋር ውል ስትፈርሙ አንድ ጥያቄ እንዳትረሱ። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ በ07 የሚጀምር ቁጥር የያዘ ወላጅ አለ። አገልግሎቱ ለ09ም ለ07ም ያደርሳል ወይ? "አዎ" ቢሏችሁ ፊት ለፊት በሁለቱም ቁጥር ሞክሩት። ያልደረሰው ቁጥር ዝርዝር ይሰጣችሁ እንደሆነም ጠይቁ። ዋጋ ከመከራከር ይህ ይቀድማል።

ፌስቡክ

ፌስቡክን ለአስቸኳይ ነገር የሚጠቀም ትምህርት ቤት ካለ ይተው። ገጹ ላይ የለጠፋችሁትን ለማን መቼ እንደሚያሳይ የሚወስነው ፌስቡክ ነው። የሰኞ ማስታወቂያ ሐሙስ ብቅ ሊል ይችላል። ብር ከፍሎ ለማስፋት ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ ያስፈልጋል። እሱን ለማግኘት የሚኬደውን መንገድ አልነግራችሁም።

የሚበልጥበት ቦታ ግን አለው። ቴሌግራም ቤተሰቡን ይይዛል፣ ፌስቡክ ጎረቤቱንና የራቀውን ይጠራል። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለ የቀድሞ ተማሪ የድሮ ትምህርት ቤቱን ስም የሚፈልገው እዚያ ነው። ቤተ መጻሕፍት ለማደስ፣ መጸዳጃ ቤት ለማሠራት የቀድሞ ተማሪዎችን ማሰባሰብ ከፈለጋችሁ ገጽ ይኑራችሁ። በሳምንት አንድ ጥሩ ፎቶ ይበቃዋል። ግን ኮሜንቱን የሚጠብቅ ሰው መድቡ። ስለ ሳይንስ ፌስቲቫል የተለጠፈ ነገር ሥር በአሥር ደቂቃ ውስጥ ፖለቲካ ሲፈላ አይቻለሁ።

ፎቶ ካነሳን፣ የልጆች ፊት እንደ ጌጥ የሚለጠፍ ነገር አይደለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። በምዝገባ ቅጹ ላይ የወላጅ ፈቃድ የሚሞላበት አንድ መስመር ጨምሩ። የተማሪ ደረጃና ውጤትን በስም ዘርዝሮ ግሩፕ ላይ መልቀቅማ ጨርሶ አይሞከርም። 43ኛ የወጣው ልጅ እናትም እዚያው ግሩፕ ውስጥ ናት።

ዋትሳፕ፣ ቲክቶክ፣ የሚከፈልበት አፕ

ዋትሳፕ ግሩፕ 1,024 ሰው ላይ ይቆማል፣ የአባላቱን ስልክ ቁጥርም ለሁሉም ያሳያል። ውጭ አገር የሚኖሩ ወላጆች ለበዙበት ትምህርት ቤት ካልሆነ አልመክረውም። ቲክቶክ ለሚኒ ሚዲያ ልጆች ይቅር።

የሚከፈልበት አፕ የሚገዛው ለውጤት፣ ለአቴንዳንስና ለክፍያ ነው። እዚያ ላይ ቴሌግራም አይደርስበትም፣ እያንዳንዱ ወላጅ የራሱን ልጅ ብቻ ያያልና። ሻጩ በራሱ አዲስ ስልክ ሲያሳያችሁ አታጨብጭቡ። የጥበቃውን ስልክ ተውሳችሁ ጫኑበት። በአማርኛ ይሠራል? ውሉ ሲያበቃ የተማሪው መረጃ ለእናንተ በምን መልክ ይመለሳል? ከ300 ተማሪ በታች ካላችሁ ግን ባይገዛ ይሻላል ባይ ነኝ። በዚያው ገንዘብ መልእክት የሚመልስ አንድ ሰው ቅጠሩ።

አሜሪካ ላሉ አንባቢዎች ጉዳዩ ይለያል። እዚያ የሚመርጠው የትምህርት ዲስትሪክቱ ነው፤ ወላጅ የሚመርጠው የትኛውን እንደሚከታተል ነው። ሜሪላንድ ሞንጎመሪ ካውንቲ፣ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ፣ ሲያትል፣ አማርኛ ወላጆችን ከሚያነጋግሩባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ከፌስቡክ ገጹ ይልቅ እንደ ፓረንትስኩዌር እና ቶኪንግፖይንትስ ያሉት መልእክት የሚተረጉሙ አፖች ይበልጣሉ፣ እናንተ በአማርኛ ጽፋችሁ መምህሩ በእንግሊዝኛ ያነበዋልና። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ቋንቋውን አማርኛ አድርጉት። ሰዓት ላይ ብቻ ተጠንቀቁ። ትርጉሙ "8:30" ብሎ ሲያልፍ፣ አዲስ የመጣች እናት ከሰዓት በኋላ መስሏት ብትቀር አይፈረድባትም።

ወደ እኛው ኮሚቴ ስመለስ፣ የቀረበው ሐሳብ አለፈ፦ አንድ ቻናል፣ ለየክፍሉ ትንሽ ግሩፕ፣ ለድንገተኛ ነገር ብቻ ኤስኤምኤስ። ለመጀመር ስንነሳ ታዲያ ከግሩፑ ሌላ ቀድሞ ተከፍቶ የነበረው ቻናል ባለቤት ማን ሆኖ ተገኘ? ሥራ የለቀቀው የአይሲቲ መምህር። በግል ስልኩ ነው የከፈተው። ደግነቱ ሰውየው ጨዋ ነው፣ ባለቤትነቱን ለማስተላለፍ ተስማማ። ቴሌግራም ግን ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫው (ከኮዱ ሌላ የሚጠየቀው የይለፍ ቃል) ቢያንስ ከ7 ቀን በፊት የተከፈተ መሆን አለበት ይላል። ሰውየው ያን ዕለት ነው የከፈተው። ሳምንት ጠበቅን። አሁን ቻናሉ ያለው በትምህርት ቤቱ ስም በወጣ ሲም ነው፤ ሲሙ ያለበት ስልክ ጸሐፊዋ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፣ የመሳቢያው ቁልፍ ደግሞ ሁለት ነው።