ጎርጎራ ወደብ አጠገብ ላሳረፉን እናት ምስጋና፣ ለሚሄዱ ሰዎችም ጥቆማ

በዚህ ዓመት ዐቢይ ጾም ቤተሰቤን ይዤ ጎርጎራ በሄድሁ ጊዜ፣ ከወደቡ እልፍ ብሎ ያለውን ቤታቸውን አከራይተው እንደ ዘመድ ያስተናገዱንን እናት በአደባባይ ማመስገን እፈልጋለሁ። አረጋዊ ወላጅ ወይም ሕፃናት ይዞ ወደ ጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ለመሄድ ያሰበ፣ በተለይም የራሱን ምግብ ራሱ እያበሰለ ጥቂት ቀን ዐርፎ መመለስ የሚፈልግ ሰው ካለ ደግሞ ይህን ቤት ያለ ማመንታት እጠቁመዋለሁ። ስማቸውን የማልጽፈው እሳቸው ስላልፈቀዱ ነው፤ ይህን ጽሁፍ ላወጣ እንዳሰብሁ በነገርኋቸው ጊዜ «ስሜ ምን ያደርግላቸዋል ልጄ፤ ቤቱን ግን እንዳለ ንገራቸው፣ አታሳምርብኝ» ብለውኛል። ስለዚህ እንዳለ እነግራለሁ።

ሆቴል ትተን ቤት የፈለግነው በእናቴ ምክንያት ነው። እናቴ በሁዳዴ ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃ እንኳ አትቀምስም፤ ቅዳሴው ደግሞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ስለሚወጣ፣ እሷ ለመብላት በምትቀመጥበት ሰዓት የአብዛኛው ሆቴል ምሳ ተነሥቶ የእራቱ ገና አልተጀመረም። ከሰዓቱ በላይ የሚከብደው ግን የድስቱ ነገር ነው። ከዚህ በፊት በሌላ ከተማ ባረፍንበት፣ ስሙን ማንሣት በማያስፈልገኝ ሆቴል፣ የጾም ነው ተብሎ የቀረበላት ሽሮ ቅቤ ቅቤ ስለሸተታት ከማዕዱ ተነሥታ ጦሟን አድራለች። ልጆቼ ደግሞ ለጾም ገና ስላልደረሱ ወተትም እንቁላልም ይፈልጋሉ። ይህን ሁሉ ለይቶ የሚያስተናግድ ሆቴል ከመፈለግ ይልቅ ማዕድ ቤት ያለው ቤት መከራየቱን መረጥን።

የባሕር ዳር ሰው ሆኖ ሐይቅ ዳር ለማረፍ ጎርጎራ ድረስ መሄድ ምን የሚሉት ነው ያሉኝ ወዳጆች ነበሩ። እናቴ የናፈቀችው ሐይቁን ሳይሆን ደብረ ሲና ማርያምን መሳለም ነበር። ጎርጎራ የድሮ ወደብ ናት፤ ከባሕር ዳር የሚነሣው መርከብ ዘጌንና ደቅን እየነካ፣ ቁንዝላ አድሮ በማግሥቱ የሚደርሰው እዚህ ነበር። ጎንደር ሳትቆረቆር በፊትም፣ ከ1607 እስከ 1632 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ሱስንዮስ መናገሻቸውን በዚህ አካባቢ አድርገው ነበር። ደብረ ሲና ክብ ሆኖ የተሠራ፣ ክዳኑ ሣር፣ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሞላ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ ሥዕሎቹን ያሣለችው የዐፄ ፋሲል እኅት መለኮታዊት እንደሆነች ይነገራል። ከቤቱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው መንገድ እናቴ በምርኩዟ ሳትደክም የምትደርስበት መሆኑ ለእኛ ከሁሉም በላይ ነበር። እኛ የሄድነው በመኪና በጎንደር በኩል ነው፤ ከጎንደር በአዘዞ፣ በቆላ ድባና በጯሂት አድርጎ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል።

ቤቱን የጠቆመኝ ቀደም ሲል ያረፈበት የሥራ ባልደረባዬ ነው። ስልክ ደውዬ ቤቱ ምን ምን እንዳለው ስጠይቃቸው፣ እመቤቲቱ የጀመሩት ከሌለው ነው። ውሃው በፈረቃ እንደሚመጣና በመሃሉ ከሮቶ እንደምንጠቀም፣ መብራት አንዳንዴ ሄዶ እንደሚያድር፣ ማታ ማታ የወባ ትንኝ ስለማይታጣ ልጆቹን ከመሸ በኋላ ደጅ ማቆየት እንደማይገባ፣ መታጠቢያ ቤቱም ከመኝታ ክፍሉ በደረጃ ወረድ ያለ በመሆኑ ጉልበቷን የምታም ሴት ካለች ሌሊት የሚደግፋት ሰው እንደሚያስፈልጋት አንድ በአንድ ነገሩኝ። ከዚያ በኋላ «ይኼን ሰምተህ ከመጣህ ቤቱ ያንተ ነው» አሉ። አጠገቤ ሆና ስታዳምጥ የነበረችው ባለቤቴ «ሴትዮዋ ማከራየት አልፈለጉም እንዴ?» ብላ ሳቀች። ደርሰን ስናየው ቤቱ ከነገሩን የከፋ አንዳች ነገር አልነበረውም፤ አከራይ ሁሉ ቀብዱን ከመቀበሉ በፊት እንዲህ ቢናገር ኖሮ ስንቱ ተጓዥ ከምሬት በዳነ ነበር።

ምን ይዘን እንምጣ ብዬ ስጠይቅ የሰጡኝ መልስ ለሚሄድ ሰው ስለሚጠቅም ሳላሳጥር ልጻፈው። ከተማዋ ትንሽ በመሆኗ ከገበያ ቀን ውጭ ያሻው ሁሉ አይገኝባትም፤ ስለዚህ ዘይቱን፣ ቲማቲሙን፣ ካሮትና ጎመኑን፣ ለልጆቹም ፓስታና የዱቄት ወተት ከጎንደር ወይም ከቆላ ድባ ገዝተን እንድንገባ መከሩን። ሽሮና በርበሬ እናቴ ከራሷ ቤት ካልሆነ ስለማትበላ ያ አላሳሰበንም። እንጀራ ግን ተሸክመን እንዳንመጣ፣ ደንቢያ ውስጥ ተቀምጦ ከሩቅ የመጣ የደረቀ እንጀራ መብላት እንደማያምር ጠበቅ አድርገው ነገሩን። ጎረቤታቸው ሴት በታዘዘችበት ቀን ትጋግራለች፤ ሒሳቡንም በመካከል ማንም ሳይገባ ለራሷ ከፍለናል። ሽምብራውም የአካባቢው ስለሆነ እዚያው ገዝተን፣ እናቴ ቆልታም ቀቅላም በልተነዋል። ዓሣ የሚፈልግ ሰው ማለዳ መነሣት አለበት፤ አሥጋሪዎቹ ከሐይቁ ሲመለሱ ቆሮሶና አምባዛ ይዘው ይመጣሉ፣ ረፈድ ካለ ጥሩ ጥሩው አልቋል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍተውም፤ በእኛ ማዕድ የበሉት ልጆቹ ብቻ ናቸው።

ማዕድ ቤቱ ከዋናው ቤት ተነጥሎ በጓሮ በኩል የተሠራ ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ትንሽ ሲሊንደር፣ የከሰል ማንደጃ፣ አነስተኛ ፍሪጅ፣ ጀበናና ስኒ ከነረከቦቱ ይገኝበታል። ዕቃው አዲስ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ክዳኑ የጠፋ ድስትም ሆነ እጀታው የሚወዛወዝ መጥበሻ አላየሁም፤ ቢላዎቹም ይቆርጣሉ፤ የሰው ቤት ተከራይቶ ሽንኩርት ለመክተፍ የሞከረ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። እናቴን የማረካት ግን መደርደሪያው ነው። በላይኛው ረድፍ የተቀመጡት ድስቶችና ማማሰያዎች እጀታቸው ላይ ነጭ ክር ተጠምጥሞባቸዋል፤ እነዚህ የጾም ናቸው፣ ቅቤም ሥጋም ነክቷቸው አያውቅም። የታችኛው ረድፍ የፍስክ ነው። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጁ ሳይቀር ለየብቻ ተሰቅሏል። እናቴ ክር ካለባቸው ድስቶች አንዱን አንሥታ አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ አሸተተችው፤ ከዚያም ምንም ሳትናገር ነጠላዋን አጣጥፋ አስቀመጠችና ሽንኩርት መላጥ ጀመረች። ለዓሣ ደግሞ ከማዕድ ቤቱ ውጭ፣ ከቧንቧው ሥር፣ ጠፍጣፋ ድንጋይና የራሱ የሆነ ቢላ አለ፤ ቅርፊቱ የሚፋቀውም ሆዱ የሚቀደደውም እዚያ ስለሆነ ሽታው ቤት አይገባም። ሴትዮዋ ይህን ሁሉ ያዘጋጁት ለእኛ ብለው አይደለም፤ ከእኛ በፊት የመጣው እንግዳም ከእኛ በኋላ የሚመጣውም የሚያገኘው ይህንኑ ነው።

አንድ ቀን ማታ መብራት ሄደ፤ እንደተባለውም ሄዶ አደረ። ፍሪጁ ውስጥ የልጆቹ ወተትና ጠዋት የተገዛ ቆሮሶ ነበረን። ሻማ ፍለጋ ስንደናበር እመቤቲቱ ቻርጅ የተደረገ ፋኖስና የተቀጣጠለ ከሰል ይዘው በጓሮ በር ገቡ። ወተቱ ሳይበላሽ ወዲያው እንዲፈላ አደረጉ፤ ዓሣውንም ጨው ነስንሰው፣ ሎሚ አሽተው፣ ከታችኛው ረድፍ በወረደ መጥበሻ ጠብሰው ለልጆቹ እራት አቀረቡላቸው። እሳቸው ራሳቸው ጾመኛ ስለሆኑ ጨው መብቃቱን ያስቀመሱት የአምስት ዓመቷን ልጄን ነው፤ እሷም በቁም ነገር «ትንሽ ይጨመር» ብላ ፈረደች። በማግሥቱ ለከሰሉና ለሎሚው እንድከፍል ብለምናቸው ፈጽሞ አልተቀበሉኝም፤ «መብራት ያጠፋኸው አንተ አይደለህ» አሉ። ጭቅጭቁን ያበቃችው እናቴ ናት፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ቡና ለማፍላት ጠርታቸው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ደብረ ሲና አብረው እየሄዱ፣ አብረው እየተመለሱ፣ ከአንድ ገበታ መብላት ያዙ። ልጆቹም ሳይውሉ ሳያድሩ «እማማ» ማለት ጀምረው እኛ ከመነሣታችን በፊት ጓሯቸውን እንደራሳቸው ጓሮ ወረውት ነበር።

የጀልባውንም ነገር ያሰናዱልን እሳቸው ናቸው። ወደብ ላይ ብዙ ሰው ጀልባ አለኝ እያለ ስለሚቀርብ ለእንግዳ ለመምረጥ ያስቸግራል፤ እሳቸው የላኩልን ባለ ጀልባ ዋጋውን ሳንሳፈር ቆርጦ ነገረን፣ ለልጆቹም ልካቸው የሆነ የመንሳፈፊያ ጃኬት አምጥቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ተነሥቶ ሐይቁ ስለሚናወጥ በጠዋት ካልሆነ አልሄድም ማለቱም ደስ አሰኝቶኛል፤ ገንዘብ ብቻ የሚፈልግ ቢሆን ኖሮ በፈለግነው ሰዓት ይወስደን ነበር። ያየነው ማርያም ግንብን ነው፤ ይህ በሱስንዮስ ዘመን የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ገብተው በነበረበት ወቅት በኖራና በተጠረበ ድንጋይ የተሠራው ቤተ ክርስቲያን ፍራሽ ሲሆን፣ ከእነዚያ ሚሲዮናውያን አንዱ የነበረው ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ የሞተውም በ1622 እ.ኤ.አ. እዚሁ ጎርጎራ ነው። ማንዳባ መድኃኔ ዓለም ሴቶች ስለማይገቡበት እኔና ወንዱ ልጄ ብቻ ተሳልመን ተመልሰናል። እመቤቲቱ ይህን አስቀድመው ስለነገሩን ሴቶቹ ጀልባ ላይ ሆነው በፀሐይ አልተቃጠሉም፤ እቤት ቀርተው እንጀራቸውን ተቀብለዋል።

አታሳምርብኝ ስላሉኝ የጎደለውንም ልጻፍ። የአንደኛው ክፍል ፍራሽ መሃሉ ስለጎደጎደ ወገቡን የሚያመው ሰው ሌላኛውን ክፍል ቢይዝ ይሻለዋል። የመታጠቢያ ቤቱ ደረጃ መያዣ የለውም፤ ግድግዳው ላይ አንድ ብረት ቢተከል ችግሩ ይቃለላል ብዬ ነግሬያቸዋለሁ፣ እሳቸውም ብረት ሠራተኛ እንደሚያነጋግሩ ገልጸውልኛል። ኢንተርኔት የለም፤ የስልክ ኔትወርኩም ግቢው ውስጥ ቦታ ይመርጣል። አጎበሮቹ ግን ሁሉም አልጋ ላይ አሉ፣ ቀዳዳ የላቸውም። ገንዳ ያለው መዋኛ፣ የተነጠፈ መናፈሻና በምግብ ዝርዝር የሚታዘዝ እራት የሚፈልግ ሰው ደግሞ በዚህ ቤት ቅር ይለዋል፤ ለእንደዚያ ዓይነቱ ፍላጎት በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት የተሠራው ትልቁ ሪዞርት እዚያው ጎርጎራ ይገኛልና እሱን ቢጠይቅ የተሻለ ነው።

ኪራዩ የሚታሰበው በሰው ቁጥር ሳይሆን ለሙሉው ቤት በአዳር ነው፤ እኛ ያህል ቤተሰብ ሆቴል ገብቶ ሁለት ክፍል ቢይዝ ከሚከፍለው በብዙ ያነሰ ነበር። ቀብድ አይጠይቁም፤ የሚቀበሉት እንግዳው ገብቶ ቤቱን ዞሮ ካየ በኋላ ነው፣ በእጅም በቴሌብርም ይሆናል። ስልካቸውን የሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ እሰጣለሁ። ለጥምቀት ሰሞን ባይጠይቋቸው ጥሩ ነው፤ ቤቱ ያን ጊዜ ከየቦታው በሚመጡት ልጆቻቸው ይያዛል። በሁዳዴ የምትደውሉ ከሆነ ከሰዓት በፊት ቤተ ክርስቲያን ስለሚሆኑ ስልክ አያነሡም፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ ሞክሩ።