ራቢትኤምኪው ከስምንት ወር በኋላ፦ በልብ ትርታ የተነሳ ጠብ

ራቢትኤምኪው በአፕሊኬሽኖች መካከል መልእክት የሚያመላልስ ሰርቨር ነው፤ በስምንት ወር ውስጥ መልእክት ጠፋበት የሚባል ነገር የለም። ይቀበላል፣ ያስቀምጣል፣ ያደርሳል። ይህን ግምገማ ያስጻፈው ኮኔክሽኑ ነው፤ ያውም ገና ከበር እምቢ የሚለው ሳይሆን ተገናኝቶ፣ ሥራ ተቀብሎ፣ መሃል ላይ የሚበጠሰው።

ከበር እምቢ የሚለውማ ቀላል ነው። «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» ካለ ወይ ሰርቨሩ አልተነሳም፣ ወይ ፖርቱ ተሳስቷል። አፕሊኬሽን የሚገባው በ5672 ነው፤ በቲኤልኤስ (በምስጠራ) ከሆነ በ5671። 15672 የአስተዳዳሪው ገጽ ነው፤ ብሮውዘር ላይ ስለተከፈተለት አፕሊኬሽኑንም በዚያው የሚልክ ሰው ሞልቷል። «አክሰስ ሪፊውዝድ» ከመጣ ደግሞ ኔትወርኩን ተዉት፣ መግቢያውን እዩ። «ጌስት» የሚባለው ተጠቃሚ ከ3.3.0 ጀምሮ ካልተፈቀደለት በስተቀር ከዚያው ማሽን ውጭ አይገባም። ሌላ ተጠቃሚ ፍጠሩ፣ በቨርቹዋል ሆስቱ (ሰርቨሩ ውስጥ ለብቻው በተከለለው ክፍል) ላይ ፈቃድ ስጡት፣ አለቀ።

የሚበጠሰው ግን ነገረኛ ነው። በፓይተን፣ በፒካ ላይብረሪ፣ በብሎኪንግ ኮኔክሽን የተጻፈ ኮንሲውመር፣ ማለትም መልእክት ተቀብሎ ሥራውን የሚሠራ ፕሮግራም፣ አስቡ። ሥራው ፒዲኤፍ ሪፖርት ማዘጋጀት ነው፤ አንዱ ሪፖርት አራት ደቂቃ ይፈጃል። ሪፖርቱ በሰላም ያልቃል፣ «አክ» (መልእክቱ ተሠርቷል የሚለው ማረጋገጫ) ሊላክ ሲል «ስትሪም ሎስት» የሚል ስህተት ይመጣል። አክ ያልደረሰው ሰርቨር መልእክቱን ወደ ኪው (ወደ ወረፋው) ይመልሰዋል፣ ሪፖርቱ እንደ አዲስ ይሠራል፣ እንደገና ይበጠሳል። ደንበኛው አንዱን ሪፖርት ሦስቴ ይቀበላል። የአፕሊኬሽኑ ሎግ «ኮኔክሽን ሪሴት ባይ ፒር» ስለሚል ሁሉም ጣቱን የሚቀስረው ኔትወርክ ክፍሉ ላይ ነው። የሰርቨሩን ሎግ የከፈተ ግን እውነቱን በአንድ መስመር ያገኛል፦ «ሚስድ ሃርትቢትስ ፍሮም ክላየንት፣ ታይምአውት 60 ሰከንድ»። በጥሶት የነበረው ራሱ ሰርቨሩ ነው፤ ምክንያቱንም አልደበቀም።

ሃርትቢት የልብ ትርታ ነው። ሰርቨሩና ክላየንቱ (የእናንተ ፕሮግራም) ሲገናኙ በአንድ ቁጥር ይስማማሉ። ሰርቨሩ የሚያቀርበው 60 ሰከንድ ነው (ከ3.5.5 በፊት 580 ነበር)። ትርታው በግማሹ፣ በየ30 ሰከንዱ ገደማ ይላካል፤ ሁለት ካመለጠ ያኛው ወገን ሞቷል ተብሎ ኮኔክሽኑ ይዘጋል። ብሎኪንግ ኮኔክሽን ትርታውንም የእናንተንም ኮድ የሚያስኬደው በአንድ ትሬድ (በአንድ የሥራ መስመር) ላይ ነው፤ ኮዱ ሲረዝም ትርታው ይቀራል። ባለሱቁ ዕቃ ፍለጋ ጓዳ ገብቶ ሲቆይ ደጅ ያለው «ባለሱቅ!» ብሎ ሁለቴ ተጣርቶ እንደሚሄደው ነው። ሱቁ አልተዘጋም፤ አቤት የሚል ጠፍቶ ነው።

እዚህ ላይ «ሃርትቢቱን ዜሮ አድርገው» የሚል መካሪ አይጠፋም። አትስሙት። ትርታ ሲቆም፣ መሃል ያለ ፋየርዎል ወይም ሎድ ባላንሰር (ጭነት አከፋፋይ) ዝም ያለውን ኮኔክሽን ሳይናገር ይረሳዋል፤ የአማዞኑ ኔትወርክ ሎድ ባላንሰር ለምሳሌ ካልቀየሩት 350 ሰከንድ ነው የሚታገሰው። የሊኑክስ ኪፕአላይቭ (ዝም ያለ ኮኔክሽን በሕይወት መኖሩን የሚፈትሸው) ቢበራ እንኳ ካልቀየሩት የሚቀሰቀሰው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። እስከዚያ ፕሮሰሱ «እየሠራ ነው» ይላል፣ ኪው ውስጥ መልእክት ይቆለላል። የሚጮህ ስህተት ሰጥቶ ዝም የሚል ስህተት መግዛት ነው።

መድኃኒቱ ረጅሙን ሥራ ወደ ሌላ ትሬድ ማውጣት ነው። አኩን ከዚያ ትሬድ በቀጥታ አትላኩ፤ ፒካ በሁለት ትሬድ መነካት አይወድም። «አድ ኮልባክ ትሬድሴፍ» በሚለው ፈንክሽን ወደ ዋናው ትሬድ አሳልፉት። ፕሪፌቹን (ያለ አክ በአንዴ የሚሰጠውን የመልእክት ብዛት) 1 አድርጉ፣ አለዚያ ኮኔክሽኑ ሲበጠስ በእጁ ያለው መልእክት ሁሉ ወደ ኪው ይመለሳል። ፒካ በራሱ መልሶ አይገናኝም፤ መልሶ የሚያገናኘውን ሉፕ እናንተ ጻፉ። ሌላም ሰዓት አለ፦ ካልቀየሩት፣ አክ በ30 ደቂቃ ካልመጣ ሰርቨሩ በቁጥር 406 ስህተት ቻነሉን (ኮኔክሽኑ ውስጥ ያለውን የመልእክት መስመር) ይዘጋል። ከዚያ የሚረዝም ሥራ ካለ ከፋፍሉት። በመጨረሻ 15672 ላይ ኮኔክሽኑን ከፍታችሁ ሃርትቢት የሚለውን ቁጥር አረጋግጡ፤ ኮዱ ላይ የጻፋችሁት ላይሆን ይችላል።

«ክላውድ ላይ እኛ ብናስተዳድርላችሁ ይህ ሁሉ አይመጣም» የሚል ሻጭ ቢመጣ አንድ ጥያቄ ይበቃዋል፦ የኔን ትሬድ ማን ሊያስተዳድርልኝ ነው? ሰርቨሩ የትም ይቀመጥ የት፣ ትርታውን ያቋረጠው ክላየንቱ ነው።

ከአምስት አራት ተኩል እሰጠዋለሁ። ግማሿን የቀነስኩት በንዴት ነው፤ ያንን አንድ መስመር ሎግ ውስጥ ከሚቀብረው ሲዘጋ ለክላየንቱም ቢነግረው ምን ነበረበት?